«ሰው ተኮር» የሚለው ቃል ከፋብሪካ በር ሲደርስ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ስብሰባ የተቀመጠ ሰው ሁለት ቃላት ሳይሰማ አይነሳም፦ «ቴክኖሎጂ» እና «ሰው ተኮር»። የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ ደግሞ የመጀመሪያው ቃል ከአዳራሽ ወጥቶ ቡና ቤት ድረስ ወርዷል። አንዱ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንጀራችንን ሊቀማን ነው» ይላል። ሌላው «መብራቱ መቼ ውሎ አድሮልን ነው ሮቦት የሚመጣው» ብሎ ይስቃል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን ዋናውን ነገር ያልፉታል። የኢንዱስትሪ ከተማ በሆነችው ኮምቦልቻ የቴክኖሎጂው ጉዳይ የሚጠብበው ማሽኑ ከተተከለ በኋላ፣ ማሽኑ ላይ ከቆመው ሰው አፍ እስከ ሥራ አስኪያጁ ጆሮ ባለው መንገድ ላይ ነው።

## የተምታቱ ቃላት

በአደባባይ ንግግራችን «ሰው ተኮር ሥራ» ማለት የአቅመ ደካማ ቤት ማደስ፣ በበዓል ማዕድ ማጋራት፣ ለተማሪ ደብተር መስጠት ሆኗል። መልካም ሥራ ነው፤ ስሙ ግን በጎ አድራጎት ነው። በንግድ ሥራ አመራር ቃሉ የያዘው ትርጉም ለየት ይላል። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ፣ በምን እንደሚለካና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ሲወሰን፣ በእጁ የሚሠራው ሰው የሚያውቀውም የሚያገኘውም የሚያጣውም ከሒሳብ ይግባ ማለት ነው። አንድ ድርጅት ለፋሲካም ለዒድም ሰንጋ አርዶ ሠራተኛውን ሊያበላ፣ በሳምንቱ ደግሞ ማንንም ሳይጠይቅ የፈረቃውን ሰዓት ሊለውጥ ይችላል። አመራሩ የሚታየው ከሰንጋው ይልቅ በፈረቃው አለዋወጥ ነው።

«ኢኖቬሽን» የሚለው ቃልም ተመሳሳይ ችግር አለበት። አዲስ ነገር መሥራት «ኢንቬንሽን» ይባላል፤ የተሠራውን ሥራ ላይ አውሎ ውጤት ማግኘት ደግሞ ኢኖቬሽን ነው። አማርኛው ሁለቱንም «ፈጠራ» ስለሚላቸው፣ ማሽን ገዝቶ ሪባን መቁረጥ በራሱ ፈጠራ ይመስላል። ከሳጥኑ የወጣ ማሽን ግን ገና ግዢ ነው።

## ከሽመና ማሽን የተወለደ ሐሳብ

ሰውንና ማሽንን አንድ ላይ የማሰብ ልማድ ከመኪና ወይም ከኮምፒውተር ኢንዱስትሪ የመጣ ለሚመስለው ሰው፣ ከታወቁት ምንጮቹ አንዱ ኮምቦልቻ በደንብ የምታውቀው ሥራ ነው፦ ሽመና። ጃፓናዊው ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1924 ክር ሲበጠስ በራሱ የሚቆም አውቶማቲክ የሽመና ማሽን ሠርቶ አጠናቀቀ። ክር ተበጥሶ ማሽኑ ዝም ብሎ ከቀጠለ፣ ሰው እስኪያየው ድረስ የሚወጣው ጨርቅ ሁሉ ብልሽት ነው። ስለዚህ በየማሽኑ ፊት አንድ ሰው ዓይኑን ሳይነቅል መቆም ነበረበት። የቶዮዳ ማሽን በራሱ መቆም ሲችል ግን አንድ ሠራተኛ ብዙ ማሽኖችን መያዝ ቻለ።

እዚህ ላይ ሐቁን መደበቅ አይገባም፦ ማሽኑ ለእያንዳንዱ ሜትር ጨርቅ የሚያስፈልገውን የሰው ቁጥር ቀንሷል። ጎን ለጎን ግን የሠራተኛውን ሥራ ከመጠበቅ ወደ መመርመር ለወጠው፤ ክሩ ለምን እንደተበጠሰ መጠየቅ የሰው ድርሻ ሆነ። ቶዮታ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1937 ከተቋቋመ በኋላ ይኸው ሐሳብ ወደ መኪና መገጣጠሚያ ተሻገረ። መስመሩ ላይ ያለ ማንኛውም ሠራተኛ ብልሽት ሲያይ ገመድ ይስባል፤ ችግሩ በጊዜው ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ጃፓኖቹ «ጂዶካ» ይሉታል፦ የሰው ማስተዋል የታከለበት አውቶሜሽን። ገመዱ ርካሽ ነው። ውድ የሆነው፣ ከሁሉ በታች ያለው ሠራተኛ ምርት እንዲያስቆም መፍቀዱ ነው።

ካይዘን፣ ማለትም ሥራን በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ፣ ወደ አገራችን ሲመጣ ይህ ሐሳብ አብሮ መጥቶ ነበር። በ30 ድርጅቶች ላይ በጃፓን ድጋፍ ከተሞከረ በኋላ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ተቋቋመ። ብዙ ፋብሪካዎች «አምስቱ ማዎች» የሚባሉትን ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እያሉ የሚዘረዘሩትን ሥርዓቶች ግድግዳ ላይ ለጥፈዋል፤ ወለሉንም ቢጫ ቀለም አስምረዋል። ቀለሙ ቶሎ ገባ። ገመዱ ግን በጣም የዘገየ ይመስለኛል።

## ቀድሞ የሚመጣው ቴክኖሎጂ

ኮምቦልቻ ለማሽን እንግዳ አይደለችም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ የደርግ ዘመን ነው፤ ቢራው፣ ቆዳው፣ የብረታ ብረቱ ሥራ ተጨምሮበታል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ በ75 ሄክታር ላይ ያረፈው የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ግን ቀጥ ያለ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አዳረሰ፤ ፋብሪካዎች ተዘረፉ፣ ወደሙ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከምትልክበት የአጎዋ ዕድል ታገደች። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ።

ይህ የመጨረሻው ለውጥ «ሮቦት ሊመጣብን ነው» ለሚለው ስጋት ቀጥተኛ መልስ ይሰጣል። ከለውጡ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 10 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ማሽን ከ570 ሺህ ብር ተነስቶ ከሚሊዮን በላይ ሆነ ማለት ነው። በአንጻሩ 3 ሺህ ብር የሚከፈላት ሠራተኛ አለች እንበል፤ ደመወዟ በዶላር ሲታሰብ ከ50 በላይ የነበረው ከ30 በታች ወረደ። ማሽን ሲወደድና ጉልበት ሲረክስ፣ ሰውን በሮቦት የሚተካ ባለሀብት ሒሳብ አያውቅም።

ስለዚህ ቀድሞ የሚመጣው ርካሹ ቴክኖሎጂ ነው፦ የጣት አሻራ መፈረሚያ፣ ካሜራ፣ በየሰዓቱ የሚሠራውን ቁጥር የሚመዘግብ ሶፍትዌር፣ ደመወዝንና መጋዘንን የሚያያይዝ ሥርዓት፣ በስልክ የሚደረግ ክፍያ። እነዚህ ሰውን አይተኩም፤ ሰውን ይለካሉ። የአመራሩ ጥያቄም የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ መለኪያው ለማን እንደሚናገር።

## ፍጥነትን መደበቅ

በስፌት መስመር ላይ የምትሠራ አንዲት ኦፕሬተር እንውሰድ። ታርጌቷ በሰዓት 60 ኮሌታ ነው እንበል። ጨርቁን ከግራ ይልቅ ከቀኝ ብትደረድረው እጇ እንደሚፈጥን ታውቅበታለች፤ 70 ትሰፋለች። ሱፐርቫይዘሩ ይህን ባየ በሳምንቱ ታርጌቱ 70 ይሆናል፤ ደመወዙ ግን ያው ነው። አጠገቧ ያሉትም «ምን አስቸኮለሽ» ይሏታል። በሚቀጥለው ወር አዲስ የመጣች ልጅ ተመሳሳይ ዘዴ ስታገኝ ዝም ትላለች፤ 60 ሰፍታ የተረፋትን ደቂቃ ታርፍበታለች። የምጣኔ ሀብት ሰዎች ይህን ወደ ላይ ብቻ በሚዞር ጥርስ ይመስሉታል፦ ከፍ ያለ ልኬት ተመልሶ ስለማይወርድ፣ ብልኅ ሠራተኛ ከፍ አያደርገውም። ፋብሪካው በዚህ ያጣው 10 ኮሌታ ብቻ ሳይሆን ዘዴውን ነው።

ይህ ግምት ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ ጥሩ ጥናት አለ። በእግር ኳስ አምራችነቷ በምትታወቀው የፓኪስታን ከተማ ሲያልኮት፣ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ዴቪድ አትኪንና ባልደረቦቹ ከሰው ሠራሽ ቆዳ ላይ የኳሱን ቁራጮች ሲቆርጡ ብክነት የሚቀንስ አዲስ መቁረጫ ለፋብሪካዎች በነፃ አደሉ። ጥቅሙ ግልጽ ነበር፤ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶም የተጠቀሙበት ጥቂቶች ናቸው። ምክንያቱ ሲፈለግ ቆራጮቹ የሚከፈላቸው በቁራጭ ሆኖ ተገኘ። አዲሱ መሣሪያ ቆዳ ይቆጥባል፤ እጅ እስኪለምደው ግን ያዘገያል። የቆዳው ቁጠባ ለባለቤቱ፣ የመዘግየቱ ኪሳራ ለቆራጩ ነው። ቆራጮቹ ለባለቤቱ መሣሪያው እንደማይረባ ይነግሩታል፣ እሱም ያምናል። አጥኚዎቹ በሁለተኛ ዙር፣ በአዲሱ መሣሪያ መቁረጥ እንደሚችል ላሳየ ሠራተኛ የአንድ ወር ገቢ የሚያህል ጉርሻ ሰጡ። መሣሪያውን የሚጠቀሙት ፋብሪካዎች ቁጥር ጨመረ።

ከዚህ ጥናት የማነሳው ስለ ጉርሻው መጠን አይደለም። ባለቤቱ ስለ ገዛው ቴክኖሎጂ የሚያውቀው በሠራተኛው አፍ በኩል መሆኑ ነው። ያ አፍ እውነቱን በመናገሩ የሚጎዳ ከሆነ፣ ባለቤቱ ሳያውቀው የተሳሳተ ውሳኔ ይወስናል። «ሰው ተኮር አመራር» ሲባል ከሥነ ምግባር በፊት የመረጃ ጉዳይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

## የጣት አሻራና ቅሬ

በጣት አሻራ የሚሠራ የመቆጣጠሪያ ማሽን በወሎ ምን እንደሚገጥመው ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው ችግር ጣቱ ራሱ ነው። ከብረት፣ ከሲሚንቶ ወይም ከቆዳ ማልፊያ ኬሚካል ጋር የሚውል ጣት መስመሩ ይፋቃል፤ ማሽኑ አያነበውም። ሰውየው ጣቱን በሱሪው ይጠርጋል፣ ግንባሩ ላይ አሽቶ ወዝ ያስነካዋል፣ ደግሞ ይጫናል። ከኋላው ፈረቃ የሚገባው ሰልፍ ይረዝማል። ማሽኑ የሚመዘግበው «አርፍዷል» ብሎ ነው፤ ጣት ማንበብ አቅቶኝ ነበር ብሎ አይመዘግብም።

ሁለተኛው ጉዳይ ቅሬ ነው። በወሎ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በሐዘንና በችግር የሚያሰባስበው ቅሬ፣ አባሉ ከቀብር ከቀረ የሚጠይቅና የሚቀጣ ማኅበር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትዳር ጓደኛ፣ ለወላጅ፣ ለልጅና እስከ ሁለተኛ ደረጃ ለሚቆጠር ዘመድ ሞት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ጎረቤት በዚህ ውስጥ የለም። በቅሬው ሚዛን ግን የጎረቤት ቀብር ቀብር ነው። ሠራተኛው ከሁለት ቅጣት አንዱን ይመርጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው የፋብሪካውን ነው፤ ነገ ሲሞት የሚቀብረው ፋብሪካው ስላልሆነ። ሶፍትዌሩ ደግሞ ይህን «ያለ ፈቃድ መቅረት» ብሎ ከስካር መቅረት ጋር አንድ ዓምድ ውስጥ ያስገባዋል።

መፍትሔው ማሽኑን መንቀል አይደለም። ሠራተኞች እርስ በርስ ፈረቃ የሚለዋወጡበትን ቦታ ሥርዓቱ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ ቴክኒኩ ቀላል ነው። የዓርብ ጁምዓ ሰዓትም እንዲሁ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዓርብ ዕለት የምሳ ሰዓቱን ከ5፡30 እስከ 7፡30 ያደርጋል፤ ከሌላ አካባቢ የተገዛ የፈረቃ ሶፍትዌር ግን ይህን ካልነገሩት አያውቅም። የሚነግረው ሰው መጠየቅ አለበት። በነገራችን ላይ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጣት አሻራን የመሰለ ባዮሜትሪክ መረጃ (ከሰው አካል የሚወሰድ መለያ) ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል። አሻራው የት እንደሚቀመጥና ሠራተኛው ሲለቅ ምን እንደሚሆን መጠየቅ ከእንግዲህ የሠራተኛ ጭቅጭቅ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

## ደሴ፣ ከባንኮኒው ጀርባ

ጉዳዩ የፋብሪካ ብቻ እንዳይመስል የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ እንግባ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የፒያሳና የአራዳ ሱቆች በስልክና በባንክ ዝውውር መሸጥ ለምደዋል። በብዙ ሱቅ ግን ገንዘቡ የሚገባው ባለቤቱ ስልክ ላይ ነው። ደንበኛው ከፍሎ ስክሪኑን ለሻጯ ያሳያታል። ሻጯ ለባለቤቱ ትደውላለች፤ ባለቤቱ መንገድ ላይ ነው፣ አያነሳም። ደንበኛው ይቆማል፣ ሌላው ከኋላ ይሰለፋል። ደጋግማ ስትደውል የተቆጣት ሻጭ በሚቀጥለው ጊዜ ስክሪኑን አይታ ዕቃውን ትሰጣለች፤ ስክሪኑ የተጭበረበረ ከሆነ ደግሞ ከደመወዟ ይቆረጣል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ ከደመወዝ መቁረጥን ይከለክላል፤ ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ይገድባል። ሕጉን ለጊዜው ትተን ሥራውን ብቻ ብናየው እንኳ፣ እዚህ ሱቅ የገባው ቴክኖሎጂ ክፍያን አፍጥኖ ሽያጭን አዘግይቷል። ምክንያቱ ኃላፊነቱ ወደ ሻጯ ሲወርድ መረጃው ባለቤቱ ኪስ ውስጥ መቅረቱ ነው። የክፍያው መልእክት ለሻጯም በሚደርስበት የነጋዴ አካውንት ነገሩ በቀላሉ ይፈታል። ብዙ ባለሱቅ ይህን የማያደርገው ስለማያውቅ ብቻ አይደለም፤ የቀኑን ሽያጭ ሻጯ እንድታውቅ ስለማይፈልግ ነው። ፍርሃቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ዋጋው ግን በየቀኑ በሰልፉ ይከፈላል።

## ክርክሩ

የአሠሪዎች መከራከሪያ ሊናቅ አይገባም። መብራት ይቆራረጣል፣ መለዋወጫ በዶላር ነው፣ ጦርነቱ ያወደመውን ገና የሚተኩ አሉ። ከሁሉ በላይ ግን «የማሠለጥነው ሰው ይሄድብኛል» ይላሉ። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፈን ዴርኮን ኢትዮጵያ ውስጥ በ5 ድርጅቶች፣ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ መድበው ባደረጉት ጥናት፣ የፋብሪካ ሥራ ካገኙት ሲሶው በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ ለቅቀዋል። ሠራተኛው ዓመት ሳይሞላ የሚሄድ ከሆነ፣ እሱን ለማዳመጥ የሚወጣው ጊዜ ለማን ነው?

የጥናቱ ሌላ ግማሽ ግን መልሱን ይዟል። የፋብሪካው ደመወዝ በመደበኛነት ካልተመዘገበው ሥራ ያን ያህል አልበለጠም፤ የጤና ችግሩ ደግሞ ከፍ ያለ ነበር። መልቀቅ ጠባይ ሳይሆን ሒሳብ ነው። ለኮምቦልቻ ደግሞ ሒሳቡ ውስጥ ጅዳና ሪያድ አሉ። ከወሎ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱት ወጣት ሴቶች ብዛት የታወቀ ነው፤ የስፌት መስመሩ ተፎካካሪ ጎረቤት ፋብሪካ ሳይሆን ጉዞው ነው።

ከሠራተኛው ወገን የሚነሳውም ክርክር ጠንካራ ነው፦ «ማዳመጡን ተዉትና ደመወዙን ጨምሩ»። እዚህ ላይ ሐሳቤን ልግለጽ። ማዳመጥ የደመወዝ ምትክ ሆኖ ሲቀርብ ሠራተኛው መጠርጠሩ ትክክል ነው። የሐሳብ መስጫ ሣጥን ተሰቅሎ በደመወዝ ላይ የተጻፈ ወረቀት ሁሉ መልስ የማያገኝ ከሆነ፣ ሣጥኑ ውስጥ ቀስ በቀስ የሚቀረው የማስቲካ ልጣጭ ነው። የሲያልኮቱ ጥናትም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ቆራጮቹ የተናገሩት ድርሻ ሲያገኙ ነው።

## ሕጉ የሚደርስበት ቦታ

አዋጅ 1156 ስለ ቴክኖሎጂ በቀጥታ ከሚናገርባቸው ቦታዎች አንዱ ስንብት ነው። አንቀጽ 28 ምርታማነትን ለማሳደግ የሥራ ዘዴን መለወጥ ወይም አዲስ ቴክኖሎጂን መጠቀም፣ በማስጠንቀቂያ ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት እንደሚሆን ይደነግጋል። ቅነሳው ከሠራተኛው 10 በመቶ፣ ከ20 እስከ 50 ሰው ባለበት ድርጅት ደግሞ ቢያንስ 5 ሰው ሲደርስና ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት ሲቆይ አንቀጽ 29 ይነሳል፤ አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮች ጋር መመካከር አለበት። ነፍሰ ጡሮች፣ የሠራተኛ ተወካዮችና በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰባቸው በመጨረሻ ከሚቀነሱት ናቸው። ለሚቀነሱትም የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ይገባቸዋል።

ይህ ጥበቃ የሚጀምረው ሰውየው ሊወጣ ሲል ነው። ማሽኑ ሲመረጥ፣ ታርጌቱ ሲሰፈር፣ የአሻራው ሶፍትዌር ሲገዛ ሕጉ አሠሪውን አማክር ብሎ አያስገድደውም። የሥራ ሁኔታ፣ የሥራ ሰዓት ድልድልና የቅሬታ አቀራረብ የኅብረት ስምምነት ጉዳዮች በመሆናቸው ማኅበር ያለው ድርጅት ሊያስገባቸው ይችላል። የደሴዋ ሻጭ ግን ማኅበር የላትም።

## ቀጥሎ የሚሆነው

በቅርብ ዓመታት የሚጠበቀው ጅምላ ስንብት አይደለም። የሚጠበቀው ልኬቱ እየጠበቀ፣ ለሚለቀው ሰው ምትክ ማሠልጠኑ እየተደጋገመ፣ የተገዛው ማሽን ከሚችለው በታች መሥራቱ ነው። ይህ ዓይነቱ ኪሳራ በአንድ ቀን አይታይም፤ በዓመት መጨረሻ ሒሳብ ላይም «የመብራት መቆራረጥ» በሚል ስም ተጠቅልሎ ያልፋል።

የሚለየው ቦታ አዲስ ማሽን የሚተከልበት ጊዜ ነው። የሻጩ ድርጅት ቴክኒሽያን ከውጭ ይመጣል፣ ለጥቂት ቀናት በእንግሊዝኛ ያሠለጥናል፣ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ የሚሠለጥኑት መሐንዲሶቹና ሱፐርቫይዘሮቹ ናቸው፤ የማታ ፈረቃ ኦፕሬተሯ የምትማረው ከቀኑ ፈረቃ ጓደኛዋ ነው፣ ያቺም ከሱፐርቫይዘሩ ሰምታ። የትኛው ቀይ መብራት ማሽኑን አቁሚ ማለቱ፣ የትኛው ደግሞ ቀጥዪ ማለቱ እንደሆነ በዚህ ቅብብል ላይ ይጠፋል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከፋብሪካዎቹ ጋር አንድ ከተማ ነው ያለው። ለልምምድ የሚላክ ተማሪ የማሽኑን መመሪያ ማታ ለሚሠሩት በአማርኛ ጽፎ፣ እነሱ ደግሞ የሚያውቁትን ከዳር አስጽፈውት ቢመጣ፣ ያ ወረቀት ከብዙ የአዳራሽ ሥልጠና በላይ ምርት ላይ ይታያል።